ስንት ዋት ይበላል?

እታለም ዕቁብ የደረሳት መስከረም 2017 ላይ ነው። ደውላ "ደረሰኝ!" አለች፤ እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት "በል ሲፒዩ ግዛልኝ" ብላ ቀጠለች።

ሲፒዩ እኛ አገር ሣጥኑ በሙሉ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ የተመረቅኩ ሰሞን ይህን አጠራር ለማረም ያልደከምኩት ድካም የለም። ሲፒዩ ማለት ከውስጥ ያለችው የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት፣ ሣጥኑ ኬዝ ነው የሚባለው፣ ስላት እታለም እስክጨርስ በትዕግሥት ትሰማኝና "እሺ፤ ከነክብሪቱ ግዛልኝ" ትላለች።

ታላቅ እህቴ ናት። ሰቆጣ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ ፎቶ ታነሳለች፣ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ ጥር ሲመጣ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። የዓመቱን ኪራይ የሚሸፍነው ጥር ነው፤ የቀረው ወር ጉርድ ፎቶ ነው። የነበራት ኮምፒውተር ባለ ሁለት ኮር አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ አቀናብራ ኤክስፖርት ስትለው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል፣ መብራት ካልሄደ። ከሄደ እንደገና ከዜሮ። ባለፈው ዓመት አንዱን ሠርግ አራት ጊዜ ከዜሮ ጀምራ፣ መልሱ አልፎ፣ ቅልቅሉ አልፎ፣ ሙሽሪት ካረገዘች በኋላ ነው ቪዲዮው የደረሰላቸው። (ይቺን የመጨረሻዋን የጨመረችው እሷ ናት፤ እኔ የለሁበትም።)

ዕቁቡ 95 ሺህ ብር ነበር። ስትጀምረው ሁለት ኮምፒውተር ይገዛ የነበረ ብር፣ እጇ ሲገባ አንዱንም ለመግዛት ይንገዳገድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መገናኛ ያሉ ኮምፒውተር ሻጮች ዋጋ የሚነግሩህ "የዛሬ" እያሉ ነው፤ "የዛሬ ይህን ያህል ነው፤ የነገን አላውቅም።" ስለዚህ ቶሎ መወሰን ነበረብን። እኔ ግን እሷ ከመደወሏ በፊት ልቤ ወስኖ ነበር።

የምሠራው አዲስ አበባ ነው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል ውስጥ። ክፍሉ ብርድ ነው፤ ሁለት ኤሲ ይፈራረቁበታል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይይዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ግቢው ውስጥ ጀነሬተሩ ያጓራል፤ ሰርቨሮቹ ግን መሄዱንም መምጣቱንም ሳያውቁት ሥራቸውን ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚውል ሰው ዚዮን ይወዳል፤ ምን ላድርግ። ዚዮን ኢንቴል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰርቨርና ለከባድ ሥራ እያለ የሚያወጣቸው ፕሮሰሰሮች ስም ነው። አዲሱ የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ውጭ ያሉ ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች በየጥቂት ዓመቱ ማሽን ስለሚቀይሩ አሮጌው ዚዮን በገፍ ወደ ገበያ ይወጣል፤ አልፎ አልፎም መገናኛ አንድ መደርደሪያ ላይ ከነሣጥኑ ተቀምጦ ታገኘዋለህ።

ያገኘሁት ኢ5-2680 ቪ4 የገባበት ዎርክስቴሽን ነው። የ2016 እ.ኤ.አ. ፕሮሰሰር፣ 14 ኮር፣ 28 ትሬድ፣ 64 ጊጋ ራም። አጠገቡ በተመሳሳይ ዋጋ አካባቢ የተቀመጠው ማንም ቢሮ የምታዩት ዓይነት ዴስክቶፕ ነው፦ ኮር አይ5-12400፣ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ 16 ጊጋ። አሥራ አራት ከስድስት ጋር! ምኑን አስበዋለሁ?

ኔትወርኩ ፎቶም ቪዲዮም ስለማይሸከም ዝርዝሩን በስልክ ነው ያነበብኩላት። እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

"ሃያ ስምንት ትሬድ፣ እታለም! ሃያ ስምንት!"

"ስሙ ማን ነው ያልከኝ?"

"ዚዮን።"

"ጽዮን?"

"ዚዮን። በ'ዚ'።"

"እሺ ይሁን። ስንት ዋት ይበላል?"

ላም ልትገዛ ገበያ የወጣች ሰው ስንት ሸክም ሣር ትጨርሳለች ብላ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችኝ። ያፈርኩት መልሱን ስላላወቅሁ ነው። ሰርቨር ክፍል ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ የመብራት ቢል ግን አይቼ አላውቅም። ቢሉ የሚሄደው ፋይናንስ ነው።

"ልይና እደውልልሻለሁ" አልኳት።

የፋብሪካው ወረቀት ላይ ዚዮኑ 120 ዋት ነው ይላል፤ አይ5ቱ 65። ይህ ግን ማታለያ አለው፤ አይ5ቱ ሲጨናነቅ ለአጭር ጊዜ እስከ 117 ዋት ሊወጣ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። እታለም ይህን ስነግራት "ታዲያ ምናቸው ይለያል?" አለች፤ ትክክል ናት። ልዩነቱን ያገኘሁት በሌላ መንገድ ነው። ቢሮ ያለንን ተመሳሳይ ዎርክስቴሽን ዋት በሚለካ ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ምንም ሥራ ሳልሰጠው ዝም ብዬ አየሁት፤ 85 ዋት። ዝም ብሎ! ቢሮ ያለው ተራ አይ5 በተመሳሳይ ሁኔታ ከ30 ብዙ አላለፈም። የእህቴ ኮምፒውተር ደግሞ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብሎ የሚውል ነው፤ ሰው እስኪመጣ፣ ጉርድ ፎቶ እስኪታዘዝ። ዚዮኑ ላይ ሌላ ዕዳ አለ፤ ኢ5 በውስጡ የምስል ክፍል የለውም። ስክሪን ለማብራት እንኳን የግድ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ይሻል፣ ካርዱም ይበላል። ሥራ ሲበዛበት ሁሉም ተደምሮ ከ200 ዋት በላይ ይሄዳል።

ሰቆጣ ላይ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ሱቆች የሚገዙት አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት ያለችው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ናት። ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። ከዚያ ላይ በመለወጥ የሚባክነውን፣ ባትሪው በፍጥነት ሲሟጠጥ የሚሸሸገውን ቀንሱ፤ በእጅ የሚገባው 50 ቢሆን ነው። 250 ዋት የሚጎትት ማሽን በእሱ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከነስክሪኑ 60 የሚጎትት ሃምሳ ደቂቃ ሊጠጋ ይችላል። ከዩፒኤሱ ቀጥሎ ያለው ተስፋ ጀነሬተር ነው። እታለምና ጎረቤቶቿ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጁስ ቤቷ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ በጋራ የሚያስነሱት አነስተኛ ጀነሬተር አላቸው። ቤንዚኑ በሃይላንድ ተገዝቶ ይመጣል፤ ወጪው የሚከፈለው ሁሉም በሰካው ዕቃ ልክ ነው። እሷ ዚዮን ብትሰካ ክፍያዋ ከጁስ መፍጫው ሊበልጥ ነው። "ጁስ ቤቷ ትስቅብኛለች" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከዋግ ኽምራ ጋር የሚዋሰነው ተከዜ ላይ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ አለ፤ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጎ ነው የተሠራው። ወንዙን ልጆች ሆነን እናውቀዋለን። ጦርነቱ መስመሩን ከቆረጠው በኋላ ግን ከተማዋ ወራትን በኩራዝና በሶላር አምፖል አሳልፋለች። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ "ስንት ዋት?" የዕለት ጥያቄ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን እኔ ዘንግቼዋለሁ።

እንዲያም ሆኖ ቶሎ እጅ አልሰጠሁም። አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ቀርቶኛል፣ እውነትም ጠንካራ ነው።

ዚዮን ስህተት የሚያርም ራም ይቀበላል። ራም ውስጥ ሁሉም ነገር የዜሮና የአንድ ሰልፍ ነው፤ አልፎ አልፎ አንዱ ዜሮ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ይገለበጣል። ምክንያቱ ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ሊሆን ይችላል፣ የራሱ የራሙ ድካም ሊሆን ይችላል። አራሚው ራም ለእያንዳንዱ 64 ቢት 8 የመቆጣጠሪያ ቢት ጨምሮ ይይዛል፤ አንድ ቢት ቢገለበጥ ያገኘዋል፣ ያስተካክለዋል። ተራው ዴስክቶፕ ግን የተገለበጠውን እንደ እውነት ተቀብሎ ይቀጥላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ውስጥ ስካርቤክ በሚባል ክፍለ ከተማ ምርጫ ተደርጎ ለአንዲት ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቆጥሮላት ነበር። 4,096 ማለት ሁለት ለአሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚመጣው ነው፤ መርማሪዎቹም አንዲት ቢት ሳትገለበጥ አልቀረችም አሉ። የተያዘውም ድምፁ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለሆነ ብቻ ነው። ጎግልም የራሱን ሰርቨሮች አስጠንቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ጽሑፍ፣ በዓመት ውስጥ ከመቶ ስምንት የሚበልጡት የራም ካርዶች ቢያንስ አንድ ስህተት እንዳሳዩ ታውቋል።

ይህን ሁሉ ለእታለም ነገርኳት። ከፍታውንም ጨመርኩበት፤ ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ ይበዛል አልኳት። (ይህ ግማሽ እውነት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ከፍታው ጨረሩን ይጨምራል፤ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ አገር ላይ ግን የመሬት መግነጢስ አብዛኛውን ይመልሰዋል። በዚያ በኩል እድለኞች ነን። ከፍታው ይልቅ የሚጎዳው በዚያው በዚዮኑ በኩል ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ዳታ ሴንተሮች የሚከተሉት አሽሬ የሚባለው መመሪያ ለተለመዱት ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በኋላ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ሰቆጣ ላይ ከአራት ዲግሪ በላይ መሆኑ ነው።)

"ፎቶዎቹን አስቢ" አልኳት። "የሰዉ ፎቶ ሁሉ ያለው አንቺ ጋ ነው። አንዷ ቢት ተገልብጣ አንዱ ፋይል ቢበላሽስ?"

ስልኩ ላይ ዝም አለች። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

"ወንድምዓለም" አለች በመጨረሻ፣ "ፎቶዎቹን ያተረፋቸው ጎታ ነው እኮ።"

ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ እታለም ሱቁን ከመዝጋቷ በፊት የፎቶ ማስቀመጫዋን ሃርድ ዲስክ ፈትታ አወጣችው። በፌስታል ጠቅልላ፣ በጨርቅ ደግማ ጠቅልላ፣ እናታችን ቤት የገብስ ጎታ ውስጥ እስከ ክንዷ ድረስ አስገብታ ቀበረችው። ስትመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ካሜራ የለም፣ ፕሪንተር የለም፣ ሣጥኑም የለም። የሄደው ሄደ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ አልበሙ የጠፋበት፣ ልጁ የሞተበት። "ያኔ ያነሳሽኝ ፎቶ አለሽ ወይ?" እታለም በዓመትና በስም የለየችው ፎልደር ነበራት። ብዙ ጊዜ አላት። ስንቱን በነፃ እንዳተመች አትናገርም፤ ያ ዲስክ ግን እስካሁን አንድ ነው። አርጅቷል፣ ሲነሳ ይንጫጫል፣ ሌላ ግልባጭ የለውም። እኔ ደግሞ ስለ አንዲት ቢት አወራላታለሁ።

"አንተ'ኮ የምትለኝ የማይጠፋ ቤት ላይ ያለ ነገር ነው" አለችኝ። ቁጣ የለበትም። "እኔ ሁለተኛ ዲስክ ነው የምፈልገው። አንዱ ሱቅ፣ አንዱ እናታችን ጋ።"

በማግስቱ መገናኛ ተመለስኩ። ያን ቀን ልቤ ቀዝቀዝ ብሎ ስለነበር ከዚህ በፊት ያላየሁትን አየሁ። አሥራ አራቱ ኮር በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የአይ5ቱ አንድ ኮር ለብቻው የዚያኛውን አንድ ኮር ሁለት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ሥራ ስለሚሠራ፣ ስድስቱ ተደምረው ከአሥራ አራቱ አያንሱም። የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ዛሬ ከፊሉ የሚመጣው ከስልክ ነው። እንዲህ ያለውን የታመቀ ቪዲዮ ለመክፈትና መልሶ ለማመቅ አይ5ቱ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፤ ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ይለዋል። ዚዮኑ ያንኑ ሥራ በኮሮቹ ጉልበት ሊወጣው ይፍጨረጨራል። ዎርክስቴሽኑን አስከፍቼ ፓወር ሰፕላዩን ሳይ ደግሞ ቅርጹም ሶኬቱም የራሱ የፋብሪካው ብቻ ነው። ሰቆጣ ላይ መብራት ሲመጣ ዘሎ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ነው። የተራው ዴስክቶፕ ደሴም ወልዲያም ሊገኝ ይችላል። የዚህኛው ምናልባት ዱባይ።

ሻጩ ለማን እንደምገዛ ጠየቀኝ። ሰቆጣ ስለው "የቃል ኪዳኗ ሰቆጣ?" አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ስሟ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ በስሟ ቃል ገብቷል። "መብራት አለ እንዴ እዚያ?" ብሎ ጨመረ። ጥያቄው አናደደኝ። ግን'ኮ እኔ ራሴ ሳልጠይቀው ዚዮን ልልክ ነበር፤ እሱ ቢያንስ ጠይቋል።

ዚዮንን ማጣጣሌ እንዳይመስላችሁ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የነበረውን ማሽን የሥራ ባልደረባዬ ገዝቶታል። ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ቨርቹዋል ማሽን ባንዴ እያስነሳ ኔትወርክ ይማርበታል፤ 64 ጊጋ ራም በዚያ ዋጋ ሌላ የትም አያገኝም፤ ትርፉን አግኝቷል። ክረምት ላይ ክፍሉንም ያሞቅለታል።

ለእታለም አይ5ቱን ገዛሁ። ራሙን 32 አደረግሁት፤ ሁለት ባለ 2 ቴራ ዲስክና አንድ ዩፒኤስ ጨመርኩ። ዕቁቡ አልበቃም፤ የጎደለውን እኔ ሞላሁት፣ ስላፈርኩ ጭምር ነው። ኅዳር ላይ ፈቃድ ወስጄ ራሴ ይዤው ሄድኩ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሁለት ቀን መንገድ፣ ካርቶኑ ጉልበቴ ላይ። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ስንፈተሽ ጠባቂው በእግሩ ካርቶኑን ነካ አድርጎ "ምንድነው?" አለኝ።

"ሲፒዩ ነው" አልኩ።

ሱቅ በደረስኩ ማግስት መጀመሪያ ያደረግነው የጎታውን ዲስክ መገልበጥ ነው። እታለም ሌላ ነገር እንዳስነሳበት አልፈቀደችም። አሮጌው ዲስክ እየተንጫጫ፣ እየተነጫነጨ፣ ሰዓታት ፈጀ። ስድስት ፋይል እምቢ አለ። ስማቸውን ደብተሯ ላይ ጻፈቻቸው፤ የማን እንደሆኑ ሁሉንም ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ አንድ እናት ገቡ። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል እያለ ለፈተና ፎርም ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ሌላ ፎቶ የለውም። እታለም ዓመቱን ጠየቀቻቸው፤ ዓመቱን አላስታወሱትም፣ "የበኩር ልጄ የተዳረች ዓመት" አሉ። እታለም የሠርጉን ፎልደር ፈለገች፣ ከዚያ ዓመቱን አገኘች፣ ከዚያ ልጁን። ቀጭን፣ አንገቱ ረዥም፣ የሰው ኮት የለበሰ ልጅ ነው። ትልቅ አድርጋ ልታትመው ፎቶሾፕ ላይ ከፍታ ጥላውን ማስተካከል እንደጀመረች መብራት ሄደ።

አምፖሉ ጠፋ። ጎረቤት ጁስ መፍጫው እያቃሰተ ቆመ። ዩፒኤሱ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ፤ ስክሪኑ ግን እንደበራ ነው፣ ልጁም እንዳለ ነው። እናቲቱ "ጠፋ?" ብለው ብድግ አሉ።

እታለም ወደ እኔ ዞረች። "ስንት ደቂቃ አለኝ?"

"አርባ ገደማ። ከነፕሪንተሩ ትንሽ ያንሳል።"

ወንበሩን በእግሯ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። "ይቀመጡ እማማ፤ ጊዜ አለን።"